የጎዳና ጥግ ልጆችና የሶሺዮሎጂ ዶክትሬት

«ሠፈረ ድኾች ስትል ምን ማለትህ ነው?» የሚል ጥያቄ ለዶክትሬት ፈተና የሚበቃ አይመስልም። በ1943 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዊልያም ፉት ዋይትን ያላበው ግን ይኸው ነበር። ጠያቂው ሉዊስ ዊርዝ ስለ ከተማ ኑሮ በመጻፍ ስሙ የገነነ ምሁር ነው። ተፈታኙ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ሠፈር ዓመታት ኖሮ የመጣ ወጣት።

ዋይት ኢኮኖሚክስ ተምሮ በ1936 ሲመረቅ ሃርቫርድ ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ድጎማ አገኘ። ነጻነቱ ሙሉ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ለዶክትሬት የሚቆጠር የትምህርት ክሬዲት ማሰባሰብ ብቻ አይፈቀድለትም። ቦስተን ውስጥ ኖርዝ ኤንድ የሚባለውን የጣሊያን ስደተኞች ሠፈር መረጠ። አጀማመሩ አላማረም፤ መጠጥ ቤት ገብቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሊቀመጥ ሲል አንዱ በደረጃው ቁልቁል ሊወረውረው ዛተበት። በ1937 መጀመሪያ ግን አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ ዋይት በጽሑፉ «ዶክ» ብሎ ከሰየመው የሠፈር ልጆች አለቃ ጋር አስተዋወቀችው። ከአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ቤተሰብ ጋር እየኖረ ጣሊያንኛ ተማረ። ጥያቄ ማብዛቱን ትቶ ዝም ብሎ አብሯቸው እንዲውል የመከረውም ዶክ ነው። ከዚህ የተሻለ የምርምር ዘዴ ምክር የሰጠ ፕሮፌሰር ብዙ ያለ አይመስለኝም።

የዶክ ጓደኞች ቦውሊንግ ይጫወቱ ነበር። ዋይት ነጥባቸውን ሲያስተያይ የጨዋታው ውጤት በቡድኑ ውስጥ ካላቸው ቦታ ጋር የተቀራረበ ሆኖ አገኘው። ከታች ካሉት አንዱ አሌክ በሌላ ምሽት ግሩም ተጫዋች ነው፤ ከበላዮቹ ጋር ሲጋጠም ግን ጓደኞቹ በጩኸትና በፌዝ ያዋክቡታል፣ እሱም እጁ ይከዳዋል። ሥርዓት አልባ በሚባለው ሠፈር ውስጥ ማን ከማን በላይ እንደሆነ የሚወስን ጥብቅ ሥርዓት ነበር።

ይህን ጥናት በኋላ ለዶክትሬት ሲያቀርበው የቺካጎ ፈታኞቹን ያስቸገራቸው እዚህ ላይ ነው። የዘመኑ ሶሺዮሎጂ ድኾች የሚኖሩበትን ሠፈር «የተበተነ ማኅበረሰብ» ይለው ነበር፤ ዋይት ደግሞ ይህን ከቁም ነገር ሳይቆጥር፣ ከእሱ በፊት የጻፉትን ሳያነሳ አለፈ። ዊርዝ አጥብቆ ያዘው። በመጨረሻ ኤቨሬት ሂዩዝ የተባለው መምህር አስታራቂ ሐሳብ አመጣ፦ ይለፍ፣ ነገር ግን ስለ ሠፈረ ድኾች ቀድሞ የተጻፈውን ገምግሞ ይጻፍ። ልቤ ለዋይት ቢያደላም ዊርዝ አልተሳሳተም እላለሁ። ቦስተንን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን ከሌሎች እውቀት ጋር አጋጭቶ መልስ መስጠት ሌላ ነው። ዲግሪው የሚሰጠው ለሁለተኛው ነው።

ዛሬም የዶክትሬት መንገዱ ያንኑ ጭቅጭቅ በደረጃ የከፋፈለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተማሪው መጀመሪያ ሁለት ዓመት ያህል ንድፈ ሐሳብ፣ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ይማራል፤ ቀጥሎ አጠቃላይ ፈተና ይቀመጣል። ከዚያ ፕሮፖዛል ይመጣል፤ ብዙው ሰው የሚንገላታውም እዚህ ነው። «ድህነት በአዲስ አበባ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። «ወደ ኮንዶሚኒየም ከተዛወሩ ሰዎች መካከል የድሮ ሠፈራቸውን ዕድር የሚተዉት እነማን ናቸው? የማይተዉትስ ለምን?» ሲባል አማካሪው ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ መስክ ወጥቶ መረጃ መሰብሰብ፣ መጻፍ፣ መልሶ መጻፍ፣ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ መከላከል ይከተላል። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት መፍጀቱ የተለመደ ነው።

አንድ ደረጃ ግን በዋይት ዘመን አልነበረም። ሎድ ሃምፍሪስ በ1968 ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ያጠናው በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች በስውር የሚገናኙ ወንዶችን ነበር። የመኪናቸውን ታርጋ መዝግቦ አድራሻቸውን አገኘ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም መልኩን ለውጦ፣ ለሌላ ጥናት የመጣ መስሎ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ጠየቃቸው። ሥራው ብዙ ጭፍን ጥላቻን ያፈረሰ ቢሆንም የተጠኑት ሰዎች ፈቃዳቸውን አልተጠየቁም። ዲግሪው እንዲነጠቅ የጠየቁ ነበሩ። አሁን ተማሪ መስክ ከመውጣቱ በፊት የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ፊት ያልፋል፤ ቅጹ አሰልቺ ነው፣ ምክንያቱ ግን አለው።

ዶክትሬት ሁሉ በመስክ አይሠራም። በ«ሰምና ወርቅ» የምናውቀው ዶናልድ ሌቪን በ1957 ከቺካጎ ዲግሪውን ያገኘው ጀርመናዊውን ጌኦርግ ዚመልንና አሜሪካዊውን ታልኮት ፓርሰንስን አነጻጽሮ በጻፈው የንድፈ ሐሳብ ሥራ ነው። ለመስክ ጥናት መንዝ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

የዋይት ጥናት «የጎዳና ጥግ ማኅበረሰብ» በሚል ርዕስ በ1943 ታተመ። በ1955 እትም ላይ ረጅም አባሪ ጨመረበት፤ በመጠጥ ቤቱ የተዛተበትን፣ ጥያቄ ሲያበዛ የተገሠጸበትን፣ ሌላው ቀርቶ በአንድ ምርጫ ደጋግሞ ድምፅ መስጠቱን ሳይቀር ጻፈ። የምርምር ዘዴ መምህራን ተማሪዎቻቸውን መስክ ከመላካቸው በፊት የሚያስነብቡት በአብዛኛው ይህን አባሪ ነው።