አጽሙ የሚናገረውና እኛ የምንጨምርለት፦ የላ ሻፔል-ኦ-ሳን አረጋዊ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ኒያንደርታል ነው። ሁለት ካህናት የሚገኙባቸው የቡይሶኒ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1908 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ላ ሻፔል-ኦ-ሳን በተባለ መንደር አጠገብ፣ በአንዲት ትንሽ ዋሻ ውስጥ ሙሉ ሊባል የሚችል አጽም አገኙ። ሰውየው የኖረው ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ነበር ይገመታል።

አጽሙን በፓሪስ የመረመሩት ማርሴላን ቡል ከ1911 እስከ 1913 ባሳተሙት ጥናት፣ ኒያንደርታልን ጉልበቱ የማይዘረጋ፣ አንገቱ ወደ ፊት የተደፋ ፍጡር አድርገው ገለጹት። ይህ ምስል ከ40 ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ። በ1957 ስትራውስና ኬቭ አጽሙን ዳግመኛ ሲመረምሩ አከርካሪው በመገጣጠሚያ በሽታ ክፉኛ መጎዳቱን አመለከቱ፤ ጤነኛ ኒያንደርታል እንደ እኛው ቀጥ ብሎ ይራመድ እንደ ነበርም ደመደሙ። በ1985 ኤሪክ ትሪንካውስ አንድ ነጥብ አከሉ፦ በሽታው ብቻውን የቡልን ስሕተት አያስረዳም፤ ያሳሳታቸው አጥንቱን ያነበቡበት ቅድመ ግምት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን አጋደለ። አረጋዊው ብዙ ጥርሶቹን በሕይወት ሳለ አጥቷል፤ ጥርሶቹ የነበሩባቸው ጎድጓዶች በአጥንት ተሞልተዋልና። ስለዚህ «ወገኖቹ ምግብ እያላመጡ አኖሩት» ተባለ። ይሁን እንጂ ታፐን የተባሉ ተመራማሪ፣ ከጥርሶቹ አንዳንዶቹ የወደቁት ከሞት በኋላ መሆኑን፣ ሰውየውም በቀሩት ማኘክ ይችል እንደ ነበር ተከራክረዋል።

እንደ እኔ እምነት፣ አውሬ አድርጎ የሣለውም ሆነ ርኅሩኅ ቤተሰብ የሰጠው ትርጓሜ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ ሁለቱም አጥንቱ ካለው በላይ ተናገሩ። አጥንቱ የሚመሰክረው ሰውየው ታሞ ዓመታት መኖሩን ነው። እርዳታ አግኝቷል ማለት ምክንያታዊ ግምት ነው፤ የእርዳታው ዓይነት ግን አልተጻፈበትም።

መውጫው ማነጻጸር ነው። ዋሻው እንደ ገና ተቆፍሮ በ2013 በወጣው ጥናት፣ በአካባቢው የተገኙት የእንስሳት አጥንቶች በአየር ጠባይ የተሰነጣጠቁና በአውሬ የተጋጡ ሲሆኑ፣ የሰውየው አጥንቶች ግን ከዚህ ጉዳት ድነዋል። ተመራማሪዎቹም ፈጥኖ በአፈር ተሸፍኗል፣ ማለትም ተቀብሯል ሲሉ ደመደሙ። ይህ ድምዳሜ የቆመው በስሜት ላይ ሳይሆን ሌላው ሰው መልሶ ሊፈትነው በሚችል ንጽጽር ላይ ነው። ተማሪዎቼ ከቁፋሮ መልስ ይዘውት እንዲመጡ የምሻውም ይህንኑ ዓይነት ማስረጃ ነው።