ብርጭቆው ዘንድ ሳይደርሱ

የዓቢይ ጾም መያዣ ሲቃረብ በምሠራበት የሱስ ሕክምና ክፍል ወረፋው ይረዝማል። «ለጾሙ አቆማለሁ» የሚለው ብዙ ነው። ይህን ውሳኔ አከብረዋለሁ። በሚስት እንባ፣ በአለቃ ማስጠንቀቂያ፣ በእኔም ምክር ያልተመለሰ ሰው 55 ቀን ሙሉ አረቄ ሳይቀምስ ሲከርም አይቻለሁ። በአእምሮ ሕክምና ነርስነቴ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ ነገር የለም። የምፈራው ከቅበላ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ነው።

ዕለት ዕለት ሲጠጣ የኖረ ሰው በቅበላ ጠጥቶ ሰኞ ጠዋት በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ አይቀበለውም። በመጀመሪያው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊጥለው ይችላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ቤተሰብ «ያደረበት ሊለቀው ነው» ብሎ አስሮ ጠበል ይወስደዋል። ይህ ግን ሕመም ነው። ካልታከመ ሊገድል ይችላል፤ በጊዜው ከመጣ ደግሞ በዳያዜፓም፣ በቫይታሚን ቢ1ና በቅርብ ክትትል ይታለፋል። እኔም ጠበል የምጠመቅ ሰው ነኝ፤ ጠበሉን ተዉ አልልም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ሲመክሩ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ትልቅ እፎይታ ነበር። በመጠጥም ቢሆን ያው ነው፤ መጀመሪያ ይታከም፣ ከዚያ ይጠመቅ፣ ከፈለገም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪድ።

መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ ፈተና የሚባለው ነገር በስሙ የሚመጣው። ስለ አንድ ብረት በያጅ ልንገራችሁ፤ ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንዱን ነገር ለውጫለሁ። ሃይማኖተኛ ሰው ናቸው፤ ጸሎታቸውን አያስታጉሉም። ግን በየጊዜው ያገረሽባቸዋል። አንድ ቀን ያለፈውን ምሽት ወደ ኋላ እየሄድን መረመርነው።

«ጋሼ፣ የሚያሸንፍዎት መቼ ነው?»

«ብርጭቆው ፊቴ ሲቀመጥ ነዋ፣ ሲስተር። ያኔ ‹ጌታ ሆይ አንተ አውጣኝ› እላለሁ፤ ግን እጄ ቀድሞ ይሄዳል።»

«ግሮሰሪው የገቡት ለምን ነበር?»

«ሰላም ብያቸው ልሄድ።»

«ከታክሲ የወረዱትስ የት ነበር?»

ዝም አሉ። ለቤታቸው የሚቀርበው ፌርማታ ሌላ ነው። ሲቀጥሉ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ጓደኛቸው እንደደወለ ነገሩኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀብድ ከሰጠ ደንበኛ ጋር ተጣልተዋል፤ ምሳም አልበሉም። ፈተናው ብርጭቆው ላይ ሲደርስ ግማሽ ቀን ሲጓዝ ውሎ ነበር ማለት ነው። ጸሎታቸው ግን የተጠራው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነበር።

ስለ ዮሴፍ ስንሰበክ የምናስታውሰው ልብሱን ጥሎ መሮጡን ነው። እኔ በሥራዬ ምክንያት የምመለስበት ከዚያ በፊት ያለው ቃል ነው። በዘፍጥረት 39 እንደምናነበው ሴትየዋ በየቀኑ ትነዘንዘው ነበር፤ እሱ ግን መተኛቱን ብቻ ሳይሆን አጠገቧ መገኘቱንም እምቢ ብሏል። ሩጫው የመጣው ይህን ርቀት ሲጠብቅ ከኖረ በኋላ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም በሌለበት ቀን ነው። ለበያጁም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ፣ ንዴቱ ገና ትኩስ ሳለ ይጸልዩ፤ ምሳቸውን ይብሉ፤ ታክሲ ሲሳፈሩ የት እንደሚወርዱ አስቀድመው ይቁረጡ። ኃይለኛው አምሮት ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ያን ግማሽ ሰዓት ማለፍ የሚቻለው ግን ከግሮሰሪው ውጭ ሆኖ ነው።

ጾሙ ያን ሁሉ ሰው የሚያስቆመው ለምን እንደሆነ የገባኝ እንዲህ ካሉ ታካሚዎች ነው። የእግዚአብሔር ጸጋ የሚሠራውን ለክቼ ልናገር አልችልም። በዓይኔ የማየው ግን ጾሙ የሰውን ሰዓት ሁሉ እንደሚቀይረው ነው። በጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ የጫት በርጫ የሚያዘውም በዚያው ሰዓት ነው። ሲያስቀድስ የዋለ ሰው አልቃመም፤ ካልቃመ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ አይፈልግም። ቤቱም አብሮ ይጾማል፣ ጓደኛም አይጋብዝም፣ ጎረቤትም ያውቃል። ብቻውን ሲታገል የነበረው ሰው በድንገት አገር ሙሉ ደጋፊ ያገኛል።

ፋሲካ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይነሳል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ወቅቱ የደስታ ነው፤ መሆንም አለበት። ለእኔ ታካሚዎች ግን ከዓመቱ ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። «ለፋሲካማ አንድ ብርሌ» ተብሎ የተጀመረ በዳግማይ ትንሣኤ አልጋ ያስይዛል። ስለዚህ ስለ ሃምሳው ቀን የምንነጋገረው ገና በጾሙ አጋማሽ ነው።

ያገረሸባቸው ሰዎች ከመጠጡ ይልቅ በሐፍረቱ ይጎዳሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆማሉ፤ የንስሐ አባታቸውን መንገድ ላይ ሲያዩ ይሸሻሉ። «እምነት ቢኖረው አይወድቅም ነበር» የሚል ሰባኪ ስሰማ ያመኛል፤ ምክንያቱም ያን ቃል ሰምቶ የሚደበቀውን ሰው አውቀዋለሁ። ሙሴ ጸሊም የወንበዴ አለቃ ነበር፤ በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ ከመነኮሰ በኋላ ፈተናው ስለበረታበት በዓቱ ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ነገራቸው። ተመለስ ሲሉት «አልችልም» አለ። አረጋዊው አልገሠጹትም። ሰገነት ላይ አውጥተው በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፣ በምሥራቅ ደግሞ የሚረዱትን መላእክት አሳዩት፤ የሚረዱት ይበዙ ነበር። ከዚህ ታሪክ ለእኔ ትልቁ «አልችልም» ማለቱ ነው። ያን ቃል የሚነግረው ሰው ያለው ታካሚ ተስፋ አለው።

የበያጁ የንስሐ አባት እንዲህ ያሉ አባት ናቸው። በደብረ ዘይት ሳምንት ከበያጁና ከባለቤታቸው ጋር ሆነን አራታችን ተቀመጥን። ለዘንድሮ ፋሲካ ቤት ውስጥ ጠላ እንዳይጠመቅ፣ በጠጅ ፈንታ ብርዝ እንዲቀርብ ባለቤታቸው ወሰኑ። ካህኑ በሃምሳው ቀን ጾምና ስግደት ባይኖርም ጸሎትና ምጽዋት እንዳሉ ነገሯቸው፤ ከሥራ ሲወጡም በቀጥታ ወደ ሠርክ ጉባኤ እንዲመጡ ቀጠሩአቸው። ፌርማታው የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነው፤ ግሮሰሪው ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ስለሆነ ወደ ቤት በውስጥ ለውስጥ ይገባሉ። የደመወዝ ቀን ገንዘቡን ባለቤታቸው ይቀበላሉ፤ እሳቸው የሚይዙት የታክሲ ነው። ድንገት ከጠጡ ደግሞ ስንት እንደጠጡ ሳይደብቁ በዚያው ምሽት ለካህኑ ይደውላሉ፣ በማግስቱ እኔ ጋ ይመጣሉ። የሁለታችንም ስልክ ቁጥር በቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ ተጽፏል።