የመረጃ ቋቱ ሳይጠፋ የጠፋ ሲመስል

አንድ የሰርቨር አስተዳዳሪ ኡቡንቱን ከ22.04 ወደ 24.04 ያሳድጋል። በማግሥቱ የፖስትግሬስን የቅንብር ፋይል ከፍቶ፣ በአንድ ጊዜ የሚፈቀዱትን ግንኙነቶች ከ100 ወደ 200 ከፍ አድርጎ አገልግሎቱን እንደገና ያስነሣል። ምንም ለውጥ የለም። ወደ አዲሱ የመረጃ ቋት ሲገባ ደግሞ የደንበኞቹ ሠንጠረዦች በሙሉ የሉም። መረጃው በእርግጥ ጠፍቶ ይሆን?

አልጠፋም። 22.04 ይዞ የመጣው የፖስትግሬስን 14ኛ ዕትም ሲሆን፣ 24.04 ግን 16ኛውን ያቀርባል። የአንዱ ዐቢይ ዕትም መረጃ በሌላው በቀጥታ ስለማይነበብ፣ ኡቡንቱም ሆነ ወላጁ ዴቢያን አሮጌውን ሳይነኩ አዲሱን ከጎኑ ይተክላሉ። ስለዚህ «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር፣ በፖስትግሬስ ክፍል ሥር፣ «14» እና «16» የተሰኙ ሁለት ማኅደሮች ይገኛሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ፋይሎች ስማቸው አንድ ነው። የተለመደው ፖርት 5432 በአሮጌው ስለተያዘ፣ አዲሱ ባዶውን ተነሥቶ 5433ን ይይዛል። አስተዳዳሪያችን ያስተካከለው የ16ኛውን ፋይል ነው፤ ፕሮግራሞቹ ግን ዛሬም የሚነጋገሩት ከ14ኛው ጋር ነው።

ከሬድ ሃት ወገን የመጣ ሰው ይበልጥ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ በዚያ ቤት የቅንብር ፋይሉ የሚቀመጠው ከመረጃው ጋር በ«ቫር» ሥር ነው። እኔ ፋይሉን በግምት ማደን አልወድም። የሚሠራውን ሰርቨር ራሱን መጠየቅ ይቀላል፦ ወደ ፒኤስኪውኤል ገብቶ «ሾው» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም «ኮንፊግ» እና «ፋይል» የሚሉትን ቃላት በሥር ሰረዝ አያይዞ ማስከተል ሙሉ አድራሻውን ያወጣል። «ፒጂ ኤልኤስክላስተርስ» የተሰኘው የዴቢያን ትዕዛዝ ደግሞ የእያንዳንዱን ዕትም ፖርት፣ መሥራት አለመሥራቱንና የመረጃውን ማኅደር ይዘረዝራል። ትክክለኛው ፋይል ተስተካክሎም ለውጥ ካልታየ፣ በመረጃው ማኅደር ውስጥ ያለውን «ፖስትግሬስኪውኤል ዶት ኦቶ ዶት ኮንፍ» ይመልከቱ። በ«ኦልተር ሲስተም» የተሰጠ ትዕዛዝ እዚያ ይጻፋል፤ ከዋናው ፋይል በኋላ ስለሚነበብም ይሽረዋል።

አደጋው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። መረጃውን ወደ 16ኛው የሚያዛውረው «ፒጂ አፕግሬድክላስተር» ሥራውን እንዲጀምር፣ ባዶው የ16ኛው ክላስተር አስቀድሞ መወገድ አለበት። የማስወገጃው ትዕዛዝ፣ «ፒጂ ድሮፕክላስተር»፣ የዕትሙን ቁጥር ይቀበላል እንጂ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም። በ16 ፋንታ 14 የጻፈ ሰው የዓመታት መዝገቡን በአንድ መስመር ይደመስሳል። ስለሆነም በቅድሚያ በ«ፒጂ ደምፕኦል» የመጠባበቂያ ቅጂ ማውጣትና ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ቁጥሩንም ከዝርዝሩ ጋር ሁለት ጊዜ ያስተያዩ።

ዝውውሩ ሲጠናቀቅ 5432 ወደ አዲሱ ያልፋል። አሮጌው ቆሞ በዲስኩ ላይ ይቆያል፤ ቦታ መያዙ እውነት ቢሆንም፣ ፕሮግራሞቹ በአዲሱ ላይ በትክክል መሥራታቸው እስኪረጋገጥ ድረስ ባይነካ ይመረጣል።