ጉድጓድ ነገር ነው ወይስ ምንም?

«እንቆቅልህ?»
«ምን አውቅልህ?»
«ሲወስዱበት የሚያድግ፤ ሲጨምሩለት የሚያንስ።»

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን እንቆቅልሽ አቀረበልን። ብዙ አሰብን፤ ነገር ግን ልንፈታው አልቻልንም። እንደ ልማዱም «አገር ስጡኝ» አለን። ጎንደርን ብንሰጠው አልበቃውም፤ ሐረርንም ጨመርንለት፤ በመጨረሻ አዲስ አበባን ከነአያት ከተረከበ በኋላ «ጉድጓድ ነው» ብሎ ፈታልን። በእውነትም አፈር በወሰዱበት መጠን ያድጋል፤ አፈር በጨመሩለት መጠን ያንሳል።

ጨዋታው በዚህ ያበቃል ብለን ስንጠብቅ ሌላ ክርክር ተነሣ። ይኸውም «ጉድጓድ ራሱን የቻለ ነገር ነው ወይስ ምንም?» የሚል ነው። ጉዳዩ ሲሰሙት እንደ ቀልድ ቢመስልም ሲመረምሩት ግን ቁም ነገር ያለበት ስለ ሆነ ለመጽሔታችን አንባብያን ጥቂት ልገልጽ እወዳለሁ።

«ምንም ነው» ያለው ወገን አንድ ጥያቄ አቀረበ። «ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ አፈር አለ?» ከመካከላችን የቸኮሉት «6!» ብለው መለሱ። መልሱ ግን «ምንም» ነው፤ አፈሩ ወጥቷልና። «እንግዲህ አያችሁ» አለ፤ «አይመዘንም፤ አይነሣም። ድስቱን ትቶ የድስቱን ቀዳዳ ብቻ ተሸክሞ የሄደ ሰው አይታችኋልን?»

ሁለተኛው ወገን ግን ያንኑ ጥያቄ መልሶ ያዘበት። «አፈሩ ከሌለ 6 ሜትር ኩብ ሆኖ የተለካው ምንድን ነው? ምንም ነገር ርዝመትና ጥልቀት ይኖረዋልን? አየሩ ነው እንዳትለኝ፤ ዝናብ ሲዘንብ አየሩ ወጥቶ ውሃ ይገባበታል፤ ጉድጓዱ ግን ያው ጉድጓድ ነው።» ይህን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን።

በዚህ ጉዳይ የተከራከሩ እኛ ብቻ አይደለንም። ዴቪድ ሉዊስና ስቴፋኒ ሉዊስ የተባሉ ፈላስፎች በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጽሑፍ ሁለት ሰዎች ስለ አይብ ቀዳዳ ሲከራከሩ አሳይተዋል። አንደኛው «ቀዳዳ ማለት በዙሪያው ያለው የአይቡ ገጽ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያ ገጽ ቀዳዳውን ይከባል፤ ታዲያ ቀዳዳ ራሱን ይከባልን?» ብሎ ይጠይቀዋል። በ1994 ደግሞ ሮቤርቶ ካሳቲና አኪሌ ቫርዚ ስለ ቀዳዳ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ። እንደ እነርሱ አስተያየት ቀዳዳ ከቁስ አካል ያልተሠራ ቢሆንም በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ያለበትን አካል ተጠግቶ እንጂ ለብቻው ሊኖር አይችልም።

ለዚህ አስተያየት ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። የምንበላው እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ከሊጡ መቡካት የሚመጣው አየር ምጣዱ ላይ እየፈነዳ ሲወጣ ነው፤ ዓይን የሌለው እንጀራ ሲቀርብ እናቶቻችን ምን እንደሚሉ እናውቃለን። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ገበጣም ጉድጓዶቹ ቢደፈኑ ተራ ጣውላ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ላሊበላ ነው። ሌላ ሕንፃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመደራረብ ሲሠራ፣ ቤተ ጊዮርጊስ የተሠራው ከአንድ ወጥ ዓለት ላይ ድንጋዩን እየጠረቡ በማውጣት ነው። ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ወርደው ዙሪያውን ባዶ አደረጉት፤ በመካከሉም ቤተ ክርስቲያኑ ቆመ። ያ ባዶ ስፍራ ምንም ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚመጣው ሕንፃ ከዓለቱ ተለይቶ ባልታየም ነበር።

እኔ ግን ወደ ሁለተኛው ወገን እንዳደላ ያደረገኝ በሰፈራችን በአያት የደረሰ ነገር ነው። አያት ቤትና ፎቅ የሚሠራበት ሰፈር እንደ መሆኑ መጠን የመሠረት ጉድጓድ የማይታይበት ጊዜ የለም። ባለፈው ክረምት ሥራው ተቋርጦ ሳይታጠር የቀረ አንድ ጉድጓድ ዝናብ ሞላበት። ታናሽ ወንድሜ ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ ገባበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ያልፍ የነበረ አንድ የቀን ሠራተኛ በሹራቡ ይዞ ጎትቶ አወጣልን። እናቴ እያለቀሰች «ምን ልታደርግ ገባህ?» ብትለው «ሜዳ መስሎኝ ነው» አላት። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ሰዎች በተጠየቁ ጊዜ ደግሞ «እኛ ዕቃችንን ሁሉ አንሥተናል፤ እዚያ የተውነው ምንም ነገር የለም» ብለው መለሱ።

እንግዲህ «ምንም ነው» የሚለው አስተያየት ከክፍል ሲወጣ እዚህ ያደርሳል። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ይህን ጉዳይ አስቀድሞ ፈርዶታል። ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተውና በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፣ የጉድጓዱ ባለቤት የእንስሳውን ዋጋ እንዲከፍል ያዛል። ሕጉ ለጉድጓድ ባለቤት እንደ ሰጠው ልብ ይሏል። ለምንም ነገር ባለቤት አይሰጥም፤ ስለ ምንም ነገርም ካሣ አይጠየቅም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ጉድጓድ ከአፈርና ከድንጋይ ያልተሠራ፣ ነገር ግን ስፍራና ልክ ያለው፣ የሚጠቅምም የሚጎዳም ነገር ነው። የቆፈረ ሰው አንድ ነገር ሠርቷልና ኃላፊነቱ የራሱ ነው። ውድ ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፣ ክረምት ሳይገባ በየደጃችን ያለውን ጉድጓድ እንድፈን፤ የማይደፈነውንም እንጠር። የእንቆቅልሹ መልስ እንደሚያስተምረን አፈር ስንጨምርለት ያንሳልና።