ታሪክንና ቋንቋን በማኅበርና በዘመኑ መሣሪያ ስለ ማስተማር

ክረምቱ ሲያልቅ መምህር ሁሉ የሚመጣውን ዓመት ትምህርት ያሰናዳል። ሒሳብ የሚያስተምረው እንደ ሆነ መንገዱ በመጽሐፉ ተሰምሮለታል። ታሪክን፥ ቋንቋን፥ ሥነ ጽሑፍንና ግብረ ገብን የሚያስተምረው ግን ከመጽሐፉ በቀር ሌላ ምንጭ አለው፤ ይኸውም በመንደሩ የሚኖረው ሰው ነው። ይህች ጽሕፈት መምህሩ ተማሪዎቹን በማኅበር ከፍሎ፥ የእጅ ስልክንና ሌላውንም የዘመኑን መሣሪያ አገልጋይ አድርጎ፥ ይህን ትምህርት ለአንድ ዓመት እንዴት እንደሚያሰናዳ ታስረዳለች። ምሳሌውን ከደብረ ኤልያስ አድርገናል፤ በማኅበር መማር በዚያ አገር ከጥንት የታወቀ ነውና።

የቅኔ ቤት ሥርዓት

ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ያለችው ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል፤ በኋላም ራሳቸው መምህር ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን የተረት መጽሐፍ አወጡ። በቃል ይነገር የነበረው ነገር በጽሕፈት እንዲቀመጥ ከደከሙት አንዱ እኒህ የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው።

የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ መምህሩ ብቻውን እንደማያስተምር ያያል። አዲስ የመጣው ተማሪ ግሡንና እርባ ቅምሩን ከእርሱ ቀድሞ ከተማረው ከጓደኛው ይቀበላል። ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ሌሎቹ እየሰሙ ያርመዋል። እንዲህ እያለ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል።

በዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮች አሉ፤ ለብቻ ማሰብ፥ ከጓደኛ መማር፥ በመምህር ፊት መታረም። ዛሬ በሌላው ዓለም የኅብረት ትምህርት እየተባለ የሚጻፍለት ዘዴም የሚቆመው በእነዚሁ በሦስቱ ላይ ነው። ስለዚህ የገጠር መምህር ለዚህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። አንዱ ከጐደለ ግን ሥራው ይበላሻል። ለብቻ ማሰብ ሲጐድል አንዱ ሠርቶ አራቱ ይተኛሉ፤ ከጓደኛ መማር ሲጐድል ትዕቢት ይመጣል፤ መታረም ሲጐድል ስሕተት እንደ እውነት ይጸናል።

መሣሪያ ብቻውን ስለ አለማስተማሩ

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። በዘመናችንም መሣሪያን እንደ ጥምጥም አድርጎ፥ ትምህርቱ ሳይሰናዳ እርሱን ማስቀደም ታይቷል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ግድም በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ትምህርት ተዘረጋ፤ ሕዝቡም ፕላዝማ ብሎ ጠራው። መልካም አስተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ መልካም ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበርና ለብዙው ተማሪ ፈጠነበት። በመስተዋቱ ውስጥ የሚናገረው ሰው ያልገባውን ተማሪ አይጠብቅም፤ የሚጠይቀውንም አይሰማም። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገርም መንግሥት ለገጠር ልጆች ትንንሽ ኮምፒዩተሮችን በብዛት አደለ። ከዚያ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ተመርምረው ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ታተመ። ኮምፒዩተር የተሰጣቸው ልጆች በአንዳንድ የአስተሳሰብ ፈተና ጥቂት መሻሻል ቢያሳዩም፥ በቋንቋና በሒሳብ ካልተሰጣቸው አልበለጡም። የዓለም የትምህርት ድርጅት ዩኔስኮም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ትልቅ መግለጫ፥ መሣሪያ መምህሩን ሊደግፍ እንጂ በመምህሩ ወንበር ሊቀመጥ እንደማይገባው አስታውቋል።

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያ ይናቅ ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍትም ተነሡ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው፥ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጁ። በዚያ ሥራ መሣሪያው ስዕሉን አነሣ፤ ያነበበው፥ የመረመረውና የተረጐመው ግን ሰው ነው። በመንደር ትምህርት ቤት ያለች አንዲት የእጅ ስልክም ልትይዘው የሚገባት ሥራ ይኸው ነው። እርስዋ ትቅዳ፤ ልጆቹ ይመርምሩ።

ጊዜው ስለ ማጠሩ

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጐጃም ገበሬ፥ አዋጁ ርስቴን ያስለካብኛል ብሎ ፈራ፤ በብዙ አውራጃም ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ከሥፍራቸው ተነሡ፤ የቀድሞውም ውዝፍ ግብር ተሰረዘ። ይህን ነገር ባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» በተባለው መጽሐፋቸው ጠቅሰውታል። ነገር ግን አዋጁ በዚህ ቀበሌ በማን አፍ እንደ ተሰማ፥ በዚያ ሌሊት ከብቱ ወዴት እንደ ተነዳ፥ ሕፃናቱ በየትኛው ዋሻ እንደ ተሸሸጉ መጽሐፉ አይናገርም። ያን የሚናገረው የነበረ ሰው ነው፤ በዚያ ዓመት 20 ዓመት የሆነው ሰው ዛሬ ዕድሜው ሰማንያ ዓመት ግድም ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዘመቱት አባቶች አብዛኞቹ ታሪካቸውን ሳይጽፉ እንዳለፉ እናውቃለን። እነዚህም ሳይጠየቁ እንዳያልፉ ያሰጋል።

ከዚህም ሌላ፥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ለብዙ ልጆችም የትምህርት ዓመት አምልጧቸዋል። ልጁ ከአያቱ ደጃፍ ተቀምጦ የሚማረው ታሪክ ግን የክፍሉ በር ቢዘጋ እንኳ ፈጽሞ አይቋረጥም። ይህም እንዲህ ያለውን ትምህርት አሁን ለማሰናዳት ሌላው ምክንያት ነው።

የዓመቱ አከፋፈል

መምህሩ ዓመቱን እንደ ገበሬው ዘመን ቢከፍለው ይሠምርለታል።

1ኛ። መስከረምና ጥቅምት፤ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ መጠየቅንና ማዳመጥን ይለማመዱ። አንዱ ይጠይቅ፥ አንዱ ይመልስ፥ አንዱ ይቅዳ፤ የተቀዳውንም ሁሉም ሰምተው ያርሙት።

2ኛ። ኅዳርና ታኅሣሥ፤ አዝመራ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነውና ልጆች ከቤት ሥራ አይለቀቁም። ስለዚህ እየሠሩ ሊያደርጉት የሚችሉት ትንሽ ሥራ ይሰጣቸው፤ ይኸውም የወንዙን፥ የጐጡንና የመስኩን ስም ከነምክንያቱ፥ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንም ከነትርጓሜያቸው መሰብሰብ ነው።

3ኛ። ጥርና የካቲት፤ እህሉ ጐተራ ገብቶ ሽማግሌው ጊዜ ያገኛል። ማኅበሮቹ ወደ ሽማግሌዎችና ወደ አሮጊቶች የሚሄዱት ያን ጊዜ ነው።

4ኛ። መጋቢትና ሚያዝያ፤ የተሰማው ነገር ከመጽሐፍ ጋር ይተያይ፤ ከዚያ ይጻፍ።

5ኛ። ግንቦት፤ የተጻፈው ለተናገሩት ሽማግሌዎች በጉባኤ ይነበብላቸው፤ እነርሱም ያርሙት።

የማኅበር አደረጃጀት

በክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖር አምስት አምስት ሆነው 12 ማኅበር ይሆናሉ። በሳምንት ሁለት ማኅበር ቢሄድ በ6 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል፤ ለዚህም አንዲት ስልክ ትበቃለች። በእያንዳንዱ ማኅበር አንዱ ጠያቂ፥ አንዱ ቀጂ፥ አንዱ ጸሐፊ፥ አንዱ ከመጽሐፍ ጋር የሚያስተያይ መርማሪ፥ አንዱም በክፍል ፊት ተናጋሪ ይሁን። ሥራው በየጊዜው ይቀያየር። ሴቶች ልጆች ሁልጊዜ ጸሐፊ፥ ወንዶች ሁልጊዜ ተናጋሪ እንዳይሆኑ መምህሩ ይጠንቀቅ።

ሲያርም ደግሞ ነጥቡን በሁለት ይክፈለው፤ እኵሌታውን ለማኅበሩ፥ እኵሌታውን ለእያንዳንዱ ተማሪ ይስጥ። ከአምስቱ አንዱን ሳያስበው ጠርቶ የጓደኛውን ሥራ ይጠይቀው፤ መመለስ ካልቻለ ማኅበሩ ገና አልተባበረም።

የአንድ ትምህርት ምሳሌ

አንድ ማኅበር «በ1960 ዓ.ም. የግብሩ አዋጅ በአገራችን እንዴት ተሰማ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ልጆቹ እጅ ነሥተው ከተቀመጡ በኋላ ጠያቂው «አባቴ፥ አዋጁ ሲነገር የት ነበሩ?» ይላል። «ዐመፁ ትክክል አልነበረምን?» ብሎ መልሱን በአፋቸው ማኖር አይገባውም። ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ ይጠይቅ፤ ሽማግሌው ዝም ቢሉም ይጠብቅ፤ ከዝምታ በኋላ የሚመጣው ቃል ብዙ ጊዜ ዋናው ነው።

ሽማግሌው ዓመቱን በቍጥር ባያስታውሱ በዘመነ ወንጌላዊ ያስታውሱ ይሆናል። ያን ጊዜ መርማሪው ባሕረ ሐሳብን ይጠቀም። ዓመተ ምሕረቱ ከ5500 ጋር ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1960 ከ5500 ጋር ሲደመር 7460 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1865 ይደርሳል፤ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ አዋጁ የወጣው በዘመነ ዮሐንስ ነው። አንዱ ሽማግሌ «በሉቃስ ነው» ቢሉ ልጆቹ ተሳስተዋል ብለው አይቸኵሉ፤ ወሬው አስቀድሞ ተሰምቶ እንደ ሆነ ሌላ ሰው ይጠይቁ። ታሪክን መመርመር ማለት ይህ ነው።

ለአያቶችም እንዲሁ ጥያቄ ይሰናዳ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቈጠሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ ማን እንዳስተማራቸው፥ በምን ሰዓት እንደ ተማሩ፥ መጀመሪያ ያነበቡት ምን እንደ ሆነ ይጠየቁ።

ስለ መሣሪያው አጠባበቅ

ድምፅ በመካከለኛ ጥራት፥ ይኸውም በሴኮንድ 128 ኪሎቢት ሲቀዳ፥ አንዱ ሰዓት 58 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። እንግዲህ 8 ጊጋባይት ያላት ትንሽ ካርድ ከ100 ሰዓት በላይ ትችላለች፤ የኢንተርኔት መስመርም አያስፈልግም። ከመቅዳት በፊት የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቍልፍ ይነካ፤ ጥሪ ንግግሩን አያቋርጥም፥ ባትሪውም ቶሎ አያልቅም። ስልኳ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ርቃ በጨርቅ ላይ ትቀመጥ፤ ነፋስ ከሚበዛበት ደጅ ይልቅ ቤት ይመረጥ። በመጀመሪያ የተናጋሪው ስም፥ ቀኑና ቦታው በድምፅ ይነገር። የተቀዳውም በዚያው ቀን በሌላ ካርድ ወይም በኮምፒዩተር ይገልበጥ፤ አንድ ብቻ የሆነ ነገር እንደ ጠፋ ይቈጠራልና።

ስለ ጥንቃቄ

ማንም ሰው ሳይፈቅድ ድምፁ አይቀዳ። የቀድሞ ዐመፅ ሲነገር የጠቋሚና የገዳይ ስም ሊነሣ ይችላል፤ የቆየ ደም እንዳይቀሰቀስ እንዲህ ያለው ስም ከጽሕፈቱ ይውጣ። ዛሬ ስላለው ጦርነት ልጆች አይጠይቁ፤ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም አደጋ አለው። የቤተ ክርስቲያን ብራናም አለቃው ወይም ገበዙ ሳይፈቅዱ ፎቶግራፍ አይነሣ። የተቀዳው ነገር በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ እንጂ ለሕዝብ በስልክ አይበተን።

ለሽማግሌዎች የቀረበ ቃል

አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጆች መሣሪያ ይዘው ወደ ደጃችሁ ሲመጡ ለጨዋታ የመጡ አይምሰላችሁ። የሚጠይቋችሁ በመጽሐፍ የሌለውንና እናንተ ብቻ የምታውቁትን ነው። ያያችሁትን እንዳያችሁት ንገሯቸው፤ የማታውቁትንም አናውቅም በሏቸው፤ ይህም ራሱ ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

መምህራን ሆይ፥ ለዚህ ሥራ አንዲት ስልክ፥ አንድ ደብተርና አምስት ልጆች ይበቃሉ። በእነዚህ በጳጉሜን ቀኖች ተቀምጣችሁ የ12 ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ስም ጻፉ፤ በዕድሜ የገፉትን ከላይ አድርጉ። የጥር ወር ጕብኝታችሁም ከእነርሱ ይጀምር።