ተጨማሪ መረጃ፦ ሸክላ፣ የሴቶች ሙያ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገበያ ስትወጡ የሸክላ ተራውን ፈልጉ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ፣ የእጣን ማጨሻው በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ መንኮራኩር የላትም። ጭቃውን አቡክታ በእጇ እየደራረበች ታነሣዋለች። ብዙ ጊዜ የተፈጨ ገል ትቀላቅልበታለች፤ ገሉ አስቀድሞ እሳት ያየ ስለሆነ ዕቃው ሲደርቅ እንዳይኮማተር፣ ምድጃ ላይ ሲጣድም እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ከደረቀ በኋላ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ይተኮሳል። የጀበና ጥቁረት የተቀባ ቀለም እንዳይመስላችሁ፤ ገና ትኩስ ሳለ በጭድ ወይም በቅጠል ሲታጠን ጢሱ ወደ ገላው ይሰርጋል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ከደሴ ዝቅ ብላ ለምትገኘው ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በምዕራብ አፍሪካ፣ በማሊ፣ ከሴጉ ከተማ አቅራቢያ በኒጀር ወንዝ ዳር ያለችው ካላቡጉም በሸክላ ሠሪ ሴቶቿ የታወቀች መንደር ናት። በልማዱ ሸክላ ሠሪዎቹ የብረት ቀጥቃጮች ሚስቶች ናቸው። በሀገራችንም በብዙ ቦታ ባል ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሚስት ሸክላ ትሠራለች፤ ሁለቱም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ስድቡ ግን ከአዋጁም በኋላ ቆየ፤ ተሳዳቢውም ቢሆን ቡናውን የሚጠጣው ከእነሱው ጀበና ነበር።