ሳይረኑ ሲጮህ ወደ መስኮት ወይስ ወደ ምድር ቤት? የከተማችሁ እሳት አደጋ ጣቢያ ሊያስተምራችሁ የሚችለው



የዛሬው ጽሑፍ በተለይ አሜሪካ ውስጥ በትንንሽ ከተሞች ለምትኖሩ፣ እንዲሁም እዚያ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ላላችሁ ነው። አገር ቤት ያላችሁም እንዳትሄዱ፤ ስለ ከሰል ጭስ የምናወራው ክፍል ቀጥታ እናንተንም ይመለከታል።

በትንንሽ የአሜሪካ ከተሞች በዓመት አንድ ሁለቴ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ «ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ ጣቢያችን የፓንኬክ ቁርስ አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ»። ብዙዎቻችን አይተን እናልፈዋለን። «የልጆች ጨዋታ ነው» እንላለን፣ ወይ ደግሞ «ማንንም አላውቅም፣ ምን እሠራለሁ እዚያ?»። እኔ ግን እንደ ሐኪም እላችኋለሁ፦ ሂዱ! በነፃ ወይም በትንሽ መዋጮ፣ ያለ ቀጠሮ፣ ሕይወት የሚያተርፍ የጤና ትምህርት ከዚህ የተሻለ የትም አታገኙም።

ለምን? አብረን እንየው።

🔴 ጣቢያው በሩን የሚከፍተው ለምንድን ነው?

በትልልቅ ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደመወዝተኛ ነው። በትንንሾቹ ከተሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ነው። እ.ኤ.አ በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞች 65 በመቶ ያህሉ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ቀን መምህር፣ ገበሬ ወይም መካኒክ የሆነ ሰው ጥሪ ሲመጣ ሥራውን ጥሎ ይሮጣል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ርቀቱም ረጅም ነው። ከባድ አውሎ ነፋስ ከተማውን ሲመታ ደግሞ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይጠራቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እናንተው ራሳችሁን ማዳን እንዳለባችሁ ስለሚያውቁ ነው አስቀድመው የሚጋብዟችሁ።

በጥቅምት ወር አካባቢ የሚበዛው የጣቢያ ጉብኝት መነሻው የእሳት አደጋ መከላከያ ሳምንት ነው። ሳምንቱ እ.ኤ.አ ጥቅምት 8 ቀን 1871 የጀመረውን የቺካጎ ቃጠሎ ያስታውሳል። በዚያው ምሽት ዊስኮንሲን ውስጥ ፔሽቲጎ የምትባል ትንሽ ከተማም ተቃጥላለች። በድርቅና በኃይለኛ ነፋስ የተባባሰው ያ እሳት በትንሹ 1,200 ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ከቺካጎው እጅግ የከፋ ነበር። እሳትና መጥፎ የአየር ጠባይ የቆየ ዝምድና አላቸው።

🔴 ሳይረን ብቻውን አያድንም

እ.ኤ.አ ግንቦት 22 ቀን 2011 ሚዙሪ ግዛት የምትገኘውን የጆፕሊን ከተማ ቶርኔዶ መታት። 158 ሰዎች በቀጥታ በነፋሱ ምክንያት ሞቱ። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ሳይረን የጮኸው ቶርኔዶው ከተማዋ ላይ ከመድረሱ ከ20 ደቂቃ በላይ ቀደም ብሎ ነበር። ታዲያ ሰው ምን ሆነ?

የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት በኋላ ነዋሪዎችን አነጋግሮ ጥናት አደረገ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ሳይረን ሰምቶ ወዲያው አልተደበቀም። ከዚያ በፊት ሳይረን ብዙ ጊዜ ጮኾ ምንም ሳይመጣ ቀርቷል። ስለዚህ ሰው «እስቲ መጀመሪያ ላረጋግጥ» አለ። ቴሌቪዥን ከፈተ፣ ወጥቶ ሰማዩን አየ፣ ስልክ ደወለ። ያቺ የማረጋገጫ ጊዜ ናት ሕይወት የበላችው።

ይህ የአእምሯችን የተለመደ አሠራር ነው። በድንጋጤ ሰዓት አእምሮ አዲስ ውሳኔ ማውጣት ያቅተዋል፤ የለመደውን ነው የሚደግመው። ካልተለማመድን ደግሞ ያለን ልምድ አንድ ነው፦ ቆሞ ማየት። አሁን አሁን ሌላም ተጨምሯል፤ ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ!

ጣቢያው ውስጥ ልጆቻችሁ በሐሰተኛ ጭስ በተሞላች ተሽከርካሪ ክፍል ውስጥ እየዳሁ ሲወጡ ጨዋታ ይመስላል። ግን ሰውነታቸው እየተማረ ነው። እናንተም አብራችሁ ግቡ እንጂ ውጭ ሆናችሁ ፎቶ ብቻ አታንሱ።

🔴 ሁለቱን ቃላት ለዩ፦ «ዋች» እና «ዋርኒንግ»

በስልካችሁ የሚመጣው የአደጋ መልእክት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለት ቃላትን ብቻ በደንብ ያዙ፦

👉 «ቶርኔዶ ዋች» ማለት ሁኔታው ለቶርኔዶ አመቺ ነው ማለት ነው። ጫማችሁን አቅርቡ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ፣ ልጆችን ከውጭ አስገቡ፣ ዜና ተከታተሉ።

👉 «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ማለት ቶርኔዶ ታይቷል ወይም በራዳር ላይ ምልክቱ ወጥቷል ማለት ነው። አሁኑኑ ተደበቁ! ማረጋገጥ የለም።

የት ነው የምትደበቁት?

✅ ምድር ቤት ካለ እዚያ ውረዱ።
✅ ምድር ቤት ከሌለ በታችኛው ፎቅ፣ መስኮት የሌለው መሃል ላይ ያለ ክፍል ግቡ። መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ቁም ሣጥን ክፍል ወይም ኮሪደር ሊሆን ይችላል።
✅ ጭንቅላታችሁንና አንገታችሁን ሸፍኑ። የልጆች የብስክሌት ሄልሜት፣ ትራስ፣ ፍራሽ፣ ያገኛችሁት ሁሉ ይጠቅማል። በቶርኔዶ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የሚበር ፍርስራሽ ነው።
✅ ጫማ አድርጉ። ከነፋሱ በኋላ መሬቱ ሁሉ መስታወትና ምስማር ነው።
❌ ተንቀሳቃሽ ቤት የምትኖሩ ከሆነ እዚያ ውስጥ አትቆዩ። ዋች ሲታወጅ ጀምራችሁ ወደ ጠንካራ ሕንፃ ሂዱ።
❌ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ድልድይ ሥር አትጠለሉ፤ ነፋሱ እዚያ ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ላስታውሳችሁ፦ ሳይረን የተሠራው ውጭ ላሉ ሰዎች ነው። ሌሊት ቤታችሁ ተኝታችሁ ላትሰሙት ትችላላችሁ። ስለዚህ በስልካችሁ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ማንቂያውን አታጥፉት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ቢኖራችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳችኋል።

🔴 ነፋሱ ካለፈ በኋላ፦ ዝምተኛው ገዳይ

ወገኖቼ፣ እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ብዙ ሰው አደጋው ያለቀ የሚመስለው ነፋሱ ሲቆም ነው። መብራት የጠፋበት ቤት ግን ሌላ አደጋ ይዞ ይጠብቃል፤ ስሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል።

እ.ኤ.አ በየካቲት 2021 ቴክሳስን የመታው ብርድ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችንና ድርጅቶችን ያለ መብራት አስቀርቷል። ሰው ለመሞቅ መኪናውን ቤቱ ጋራዥ ውስጥ አስነሳ፣ ከሰል ቤት ውስጥ አያያዘ፣ ጄኔሬተር በር ላይ አቆመ። በዚህ የተነሳ ከ1,400 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሄዱ፤ የሞቱም አሉ።

ለምንድን ነው እንዲህ አደገኛ የሆነው? ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ሳንባችሁ አየር እየሳበ፣ ልባችሁ እየመታ፣ አንጎላችሁ ግን ኦክስጅን እያጣ ይሄዳል።

ምልክቶቹስ?
• ራስ ምታት፣ ማዞር
• ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ
• ድካም፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት
• ግራ መጋባት፣ ራስን መሳት

ጉንፋን ወይም የምግብ መመረዝ ይመስላል፣ አይደል? መለያው ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ሰዓት ታመሙ፣ ውጭ ሲወጡ ደግሞ ቀለል አላቸው። እንዲህ ከሆነ ሁሉም ወዲያው ይውጣ፣ ከዚያ 911 ደውሉ። መስኮት ከፍቶ ተመልሶ መተኛት አይሠራም።

⚠️ በጣም አስፈላጊ፦ ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ ብዙዎቻችን ቤት ያለችው በጣት ላይ የምትደረግ የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ታታልላችኋለች! ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን የያዘ ስለሚመስላት 98 ወይም 99 ልታሳይ ትችላለች። «ኦክስጅኔ ጥሩ ነው» ብላችሁ እንዳትቀሩ። ሆስፒታል በደም ምርመራ ነው የሚታወቀው። ሕክምናውም ንጹህ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ደም ውስጥ ያለው ጋዝ ወደ ግማሽ ለመውረድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ምልክቱ ቀላል ቢሆንም እንኳ ሂዱ፤ ጽንሱ ከእናቱ የበለጠ ይጎዳል።

እንግዲህ የእኛን ነገር እናውራ። ቡና በከሰል ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ የምንወደው ባህላችን ነው። መብራት ሲጠፋና ሲበርድ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ከሰሉ ነው። በርና መስኮቱ የተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አታያይዙ፤ አሜሪካም ሁኑ አዲስ አበባ። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል» የሚባለው አባባል አያዋጣም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ጋዙን ያወጣል። ጄኔሬተር ደግሞ ከቤቱ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

አዲስ አበባ ያላችሁ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ቁጥራችሁ 939 መሆኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

🔴 ቁስልን አትናቁ

ከጆፕሊኑ ቶርኔዶ በኋላ 13 ቁስለኞች አፈርና እንጨት በገባበት ቁስላቸው ምክንያት በጣም አልፎ አልፎ በሚታይ የፈንገስ በሽታ ተይዘው 5ቱ ሞተዋል። በሽታው ብርቅ ነው፣ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው፦ ፍርስራሽ ስታነሱ ጓንትና ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ ቁስል በንጹህ ውኃና ሳሙና እጠቡ፤ የቴታነስ ክትባታችሁን አረጋግጡ። ቁስሉ ከቀን ወደ ቀን ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከጠቆረ ሐኪም ጋ ሂዱ።

🔴 ጣቢያው ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ

ፓንኬኩን ብሉ፣ ልጆቹ መኪናው ላይ ይውጡ። ከዚያ አንዱን ሠራተኛ ጠጋ ብላችሁ እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ፦

1. እዚህ ከተማ ሳይረን የሚጮኸው ለምን ለምን ነው? በአንዳንድ ትንንሽ ከተሞች ያው ሳይረን በጎ ፈቃደኞችን ለእሳት ለመጥራትም ያገለግላል። የሙከራ ቀኑንም ጠይቁ፤ ለምሳሌ በሚኒሶታ ብዙ ቦታዎች በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት ላይ ይሞከራል።
2. እኛ አፓርታማ ወይም ተንቀሳቃሽ ቤት ነው የምንኖረው፤ መጠለያችን የት ነው?
3. የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ? መጥታችሁ ትገጥማላችሁ? ብዙ ጣቢያዎች ይህን በነፃ ያደርጋሉ።
4. ቤታችን በኦክስጅን ማሽን የሚኖር ሰው አለ፤ መብራት ሲጠፋ ምን እናድርግ? ማስመዝገብ ይቻላል?
5. የልብ ማሳጅ ሥልጠና መቼ ነው የምትሰጡት?

ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ መብራት ጠፋ ብላችሁ አትጣሉት። የተከፈተ ኢንሱሊን በአብዛኛው በክፍል ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል። ከኃይለኛ ሙቀት ጠብቁት፣ በረዶ ላይ አታስቀምጡት፤ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ አይሠራም። የእናንተን ዓይነት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

🔴 «911 ብደውል እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል»

ይህን ፍርሃት በደንብ እረዳዋለሁ። ግን ሦስት ነገሮችን ብቻ ማለት ትችላላችሁ፦ አድራሻችሁን፣ «ፋየር» ወይም «አምቡላንስ»፣ ከዚያ «አምሃሪክ»። ብዙ የጥሪ ማዕከላት አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ። ስልኩን አትዝጉ፣ ጠብቁ። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፖሊስ አይደለም፤ የመኖሪያ ወረቀት መጠየቅም ሥራው አይደለም። የማስጠንቀቂያው መሣሪያ ሲጮህ መጥተው ቤቱን በመለኪያ ይፈትሻሉ። «ለትንሽ ነገር አስቸገርኳቸው» ብላችሁ አትፈሩ፤ ለዚህ ነው ያሉት።

አንድ ጊዜ ጣቢያው ሄዳችሁ ፊታቸውን ካያችሁ ደግሞ መደወሉ ይቀላል። ልጆችም ቢሆኑ የመተንፈሻ ጭምብል ያደረገ ሰው በጭስ ውስጥ ሲመጣ ፈርተው አልጋ ሥር ሊደበቁ ይችላሉ። ጣቢያው ውስጥ ያንኑ ሰው ጭምብሉን ሲያደርግና ሲያወልቅ ካዩት ግን «ሊያድነኝ ነው የመጣው» ብለው ይወጡለታል።

🔴 ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

✅ ቤተሰቡን ሰብስቡና «ዋርኒንግ ከመጣ የምንገባው እዚህ ነው» ብላችሁ ቦታውን በጣት አሳዩ። ልጆቹን አንድ ጊዜ አስሩጧቸው።
✅ ጫማ፣ ባትሪ፣ የሁለት ሦስት ቀን መድኃኒትና ውኃ እዚያው አስቀምጡ።
✅ የማስጠንቀቂያ መሣሪያዎቻችሁን ቁልፍ ተጭናችሁ ሞክሩ፤ በየወሩም ድገሙት። የጭሱ 10 ዓመት ካለፈው ቀይሩት። የካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ፤ በእያንዳንዱ ፎቅና በመኝታ ክፍሎች አቅራቢያ ይኑር።
✅ የከተማችሁን እሳት አደጋ ጣቢያ ገጽ ፈልጉና ቀጣዩ ዝግጅት መቼ እንደሆነ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ይህን ጽሑፍ በቅርብ ወደ አሜሪካ ለሄደ ዘመድ ላኩለት። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛውን፣ ዜና የማይከታተለውን፣ ብቻውን የሚኖረውን አስቡት። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልን።

ጤናችሁ ይብዛ!